የሰፈር ኮሚቴ ደብተር፦ ከጅማ፣ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት

ጅማ መርካቶ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ላሚኔሽን ማሽን። መብራት ሲጠፋ ደግሞ አንድ በርጩማ ብቻ። ሰው ማመልከቻ ሊያስጽፍ ይመጣል፣ እኔ እጽፋለሁ። ነፃ ሕክምና የሚጠይቅ አለ። መሸኛ የተከለከለ አለ። ጡረታዋ የዘገየባት፣ ልጁ የትምህርት ቤት ቦታ ያጣበት አለ። የሰፈሩ ችግር ግማሹ በእኔ ጣት ነው የተተየበው።

ለዚህ ይመስለኛል የሰፈራችን እድሮች ተሰብስበው የማኅበራዊ አገልግሎት ክትትል ኮሚቴ ሲያቋቁሙ "ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ" ያሉኝ። እውነቱን ለመናገር የፈለጉት እኔን ሳይሆን ፕሪንተሬን ነበር። አሁን ከሌላ ሰፈር ሰዎች እየመጡ "እናንተ እንዴት ነው የምትሠሩት?" ይሉኛል። ደንበኛ እየጠበቀኝ ሁሉንም መልሼ መላልሼ ማውራት ስላልቻልኩ ይኸው ጻፍኩት።

መጀመሪያ፦ አታከፋፍሉ

ይህን ከሁሉም አስቀድሜ የምለው የተማርነው በራሳችን ጥፋት ስለሆነ ነው።

ኮሚቴው ገና ሁለት ወር ሳይሞላው አንድ ነጋዴ ለበዓል ዱቄትና ዘይት ሰጠን። "እናንተ ችግረኛውን ታውቃላችሁ፣ አከፋፍሉልኝ" አለ። ደስ አለን። የመጣው ለአርባ ቤት የሚሆን ነበር። ሰልፍ የወጣው ግን የሰፈሩ ግማሽ ነው። ያገኘው መረቀን። ያላገኘው ደግሞ "ኮሚቴው ዘይቱን ጠጣው" አለ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ወር ያህል ማንም ስለ ጤና ጣቢያው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ሊያወራን አልመጣም። የሚመጣው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፣ "ምዝገባ መቼ ነው?"

ጤና ጣቢያ ሄደን "መድኃኒት ለምን የለም?" ስንል ደግሞ አንዱ ሠራተኛ ሳቅ እያለ "እናንተስ ዘይቱን ለማን ሰጣችሁ?" አለን። አፋችን ተዘጋ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮሚቴው ጠያቂ ነው እንጂ ሰጪ አይደለም። መስጠት የሚፈልግ ሰው ሲመጣ ወደ እድሩ ገንዘብ ያዥ ወይም ወደ ቡሳ ጎኖፋ እንልከዋለን። ቡሳ ጎኖፋ የኦሮሞ የቆየ የመረዳጃ ሥርዓት ነው። ክልሉም በቅርብ ዓመታት መዋቅር ሰጥቶት አባላት መዋጮ የሚያዋጡበት ተቋም አድርጎታል። የማከፋፈል ሥራ የራሱ ቤት አለው ማለት ነው። በእኛ ኮሚቴ እጅ አንዲት ሳንቲም አትገባም። የወረቀትና የባጃጅ ወጪያችንን እድሮቹ በደረሰኝ ይችሉናል።

ማን ይግባ

ሰባት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ስብሰባው ሠርግ ይሆናል።

የቀበሌ ተቀጣሪ አታስገቡ። ክፉ ስለሆነ አይደለም። አለቃውን እንዲጠይቅ ማድረግ ግፍ ስለሆነ ነው። ሴቶች ቢያንስ ግማሽ ይሁኑ፣ ጤና ጣቢያ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ የሚውለው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። እኛ ጋ አንድ ሐጂ አሉ፣ የእድር ዳኛ ናቸው። ሲናገሩ ሁሉም ዝም ይላል። ለአንዳንድ ቢሮ ከሕግ አንቀጽ ይልቅ የእሳቸው ሳል ይሠራል።

ሁለት ሰዎች ግን ፈልጋችሁ አስገቡ። አንደኛው ተከራይ ነው። ኮሚቴ ሁሉ የባለ ቤቶች ይሆንና ተከራይ የሚባል ሕዝብ መኖሩ ይረሳል። ሁለተኛው ባጃጅ ነጂ ነው። የእኛው ልጅ ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት የት እንደተመለሰች፣ የትኛው ሰፈር መንገድ ዝናብ ሲመጣ እንደሚቆረጥ፣ ከቀን ሐኪሙ ይልቅ ያውቃል።

አካል ጉዳተኛ አባልም አለን፣ በዊልቸር የሚሄድ። እሱ የማይገባበት ቢሮ ውስጥ ስብሰባ አንቀመጥም። አንድ ቀን የአንድ ቢሮ ኃላፊ ከሁለተኛ ፎቅ ወርዶ ደረጃው ሥር ከእኛ ጋር ቆሞ ተሰበሰበ። ያኔ የሕንፃ አዋጁን፣ ቁጥር 624/2001ን፣ ከቦርሳችን አወጣን። የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ሊኖረው ይገባል ይላል። መወጣጫው ገና አልተሠራም። ስብሰባችን ግን አሁን ምድር ቤት ነው።

የስብሰባ ቀን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሐሙስ ገበያ ነው። ዓርብ ጁምዓ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያንና እድር ነው። እኛ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ተስማማን። ከሰዓት ቢሆን የጅማ ዝናብ ሰባታችንንም ቤታችን ያስቀረናል።

ደብተሩ

የኮሚቴው ጉልበት ደብተር ነው። ባለ 200 ገጽ፣ ጠንካራ ልባስ ያለው። ኮምፒውተር ያለኝ ሴት ይህን ስል ይገርማችሁ ይሆናል። ግን ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሰው አያምነውም። በብዕር የተጻፈና የተፈረመበትን ያምናል።

እያንዳንዱ ገጽ ላይ መጀመሪያ ቀኑንና የሄዱትን ሰዎች እንጽፋለን። ቀጥሎ በዓይናችን ያየነውን። ከሱ ሥር፣ መስመር አስምረን፣ የሰማነውን። እነዚህን ሁለቱን አታደባልቁ። "መድኃኒት ይሸጣሉ ይባላል" ማለትና "ሰኞ በ4 ሰዓት የመድኃኒት መስኮቱ ዝግ ነበር" ማለት አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ጠብ ያመጣል፣ ሁለተኛው መልስ ያመጣል። ከታች ደግሞ ሁለት ነገር አለ፦ ወረቀቱ የቆመው ማን ጠረጴዛ ላይ ነው? መቼ ተመለሱ ተባልን?

የሰው ገመና ደብተሩ ውስጥ በስም አይገባም። እያንዳንዱ ሰው ቁጥር አለው፣ ስሙ ያለበት ሌላ ወረቀት እኔ ጋ ተቆልፎ ይቀመጣል። ማን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ይወስዳል፣ ማን ልጇን ለዘመድ ሰጠች፣ ይህ በስብሰባ ላይ አይነሳም። ከችግረኛ ጋር ፎቶ መነሳትም የለም። አንድ አባላችን አንድ ጊዜ አነሳና ፌስቡክ ላይ ለጠፈ። ሴትየዋ ለሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። ይቅርታ ጠይቀን አጠፋነው፣ ግን ያየ አይቷል።

ሄዶ ማየት፣ ከዚያ ወረቀቱን መከተል

አንድ ምሳሌ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያው የትኛው እንደሆነ አልናገርም፣ ሠራተኞቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው።

"ማዋለጃ ክፍል ውኃ የለም" የሚል ወሬ ደረሰን። ሁለት ሴቶች ሆነን ሄድን። እውነትም በሩ ላይ ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል። ወላድ ያመጡ ቤተሰቦች ከቤታቸው ተሸክመው የመጡት ነው። አዋላጅ ነርሷ እጇን የምትታጠበው በተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር፣ አንዲት ተማሪ እያፈሰሰችላት። ከውጭ ቀና ስንል ግን ጣሪያው አጠገብ ትልቅ ጥቁር ሮቶ ቆሟል። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው። "ውኃ የለም" ብሎ ደብዳቤ ይጽፋል። የከተማው ውኃ ክፍል ደግሞ "መስመር አለ፣ ቆጣሪ አለ" ብሎ ይመልሳል። አበቃ።

እኛ ጥበቃውን ጠየቅን። ጋሼ ጥበቃ ሁሉን ያውቃሉ። "ውኃው ማታ ማታ ይመጣል፣ ሮቶው ጋ የሚወጣበት ፓምፕ ግን ተቃጥሏል" አሉን። መቼ? "ጥምቀት አካባቢ።" የሄድነው ሚያዝያ ውስጥ ነው።

ወደ ኃላፊው ገባን። "የግዥ ጥያቄ አቅርበናል" አለ። ኮፒውን አሳየን፣ እውነቱን ነው። ወደ ፋይናንስ ሄድን። አንዲት ልጅ ክላሰሯን ገልብጣ አወጣችው። "ሦስት ፕሮፎርማ፣ የሦስት ሱቅ የዋጋ ማቅረቢያ፣ ያስፈልጋል፣ ያለው ሁለት ነው። ሦስተኛው ሱቅ ንግድ ፈቃዱ ስላልታደሰ ውድቅ ሆኗል። ነግረናቸዋል።" ለማን? ለግዥ ሠራተኛው። እሱ ደግሞ ወደ ሌላ ቢሮ ተዛውሯል። የተተካው ሰው ስለ ፓምፕ የሚባል ነገር ሰምቶ አያውቅም።

ሦስት ወር ሙሉ ሴቶች በሃይላንድ የታጠበ እጅ የወለዱት በአንዲት ወረቀት ምክንያት ነው። ክፉ ሰው ፈልገን ነበር፣ አላገኘንም። ያገኘነው የተዛወረ ሰው ነው።

የባጃጁ ልጅ ወዲያው "ፕሮፎርማውን እኔ ከመርካቶ አመጣለሁ" አለ። ከለከልነው። ፕሮፎርማ የሚሰበስብ ኮሚቴ ነገ "ከየትኛው ሱቅ ጋር ነው የሚሠራው?" ይባላል። ያደረግነው ኃላፊውን፣ አዲሱን ግዥ ሠራተኛና የፋይናንሷን ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ ቀን ማስቆረጥ ነው። ደብተሩ ላይ ሦስቱም ፈረሙ። በ23ኛው ቀን ሮቶው ሞላ።

እንግዲህ አካሄዱ ይህ ነው። ችግሩን ስታዩ "ማን አጠፋ?" አትበሉ። "ወረቀቱ የት ቆመ?" በሉ። ሰው ከሚጠብቀው በላይ ብዙ በር ይከፍታል። የቢሮ ሠራተኛም ብዙ ጊዜ ከእናንተ ጋር ነው፣ እሱም ያለ ውኃ ነው የሚሠራው።

ስሙ የሌለው ሰው

ሁለተኛው ትልቅ ሥራችን ዝርዝር ማየት ነው። ሴፍቲኔት በሉት፣ ነፃ ሕክምና በሉት፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዋጮ ለማይችሉ የሚከፈልላቸው ሰዎች በሉት፣ ሁሉም መጨረሻው የስም ዝርዝር ነው።

ስለ ጤና መድኑ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ2003 ዓ.ም ሙከራው ሲጀመር በኦሮሚያ ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ ሊሙ ኮሳ ነው፣ እዚሁ ጅማ ዞን። ስለዚህ ሰው "አዲስ ነገር ነው፣ አላወቅነውም" ሲለኝ ዘመዶቹን ሊሙ ልኮ እንዲጠይቅ እነግረዋለሁ። ከመድኑ ውጭም ቢሆን ወሊድ፣ የሕፃናት ክትባት፣ የቤተሰብ ምጣኔና የቲቢ ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ የሚሰጡ ናቸው። ለእነዚህ ክፍያ የተጠየቀ ሰው ካለ ደረሰኝ ይዞ ይምጣ፣ ደረሰኝ ከሌለም የተከፈለበትን ቀንና ሰዓት።

ወደ ዝርዝሩ ልመለስ። በሴፍቲኔት አሠራር ረቂቅ ዝርዝሩ ለሕዝብ ይለጠፋል፣ ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ጊዜ ይሰጣል። ወረቀቱ ላይ ያለው እንዲህ ነው። አንድ ጊዜ ግን ዝርዝሩን ፈልገን ያገኘነው ቢሮው ውስጥ፣ ከተከፈተው በር ጀርባ ነው። በሩ ክፍት ሆኖ ከዋለ ማን ያየዋል? "ለጥፈናል" አሉን። አልዋሹም። ጎንበስ ብለን፣ በሩን ገፍተን፣ ስልካችንን አብርተን አነበብነው። ከዚያ በትሕትና ከውጭ እንዲለጠፍ ጠየቅን። አሁን ውጭ ነው የሚለጠፈው፣ ዝናብ እንዳያበላሸው ላሚኔሽኑን በነፃ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ዝርዝር ስታዩ የተጻፉትን አትመርምሩ። "ይህ ሰው ሀብታም ነው" እያላችሁ ጣት መቀሰር ከጀመራችሁ ሰፈሩ ይፈርሳል። የሌሉትን ፈልጉ። እኛ አካባቢ በቆሎ እየጠበሱ የሚኖሩ አንዲት እማማ አሉ። ማንም ቢጠየቅ "ከሁሉ የቸገራቸው እሳቸው ናቸው" ይላል። ስማቸው ግን የለም። ለምን? መታወቂያ የላቸውም። መታወቂያ ለምን የላቸውም? መሸኛ የላቸውም። ከገጠር ሲመጡ ባለቤታቸው የያዙት መሸኛ ከባለቤታቸው ጋር ጠፍቷል። ዓመቱንም አያስታውሱትም፣ "ትልቁ ልጄ ሲዳዳ" ነው የሚሉት።

እኔ ጋ መጥተው ቢሆን "የዕርዳታ ማመልከቻ" እጽፍላቸው ነበር፣ ሺህ ጊዜ ቢጻፍም ጠብ የሚል ነገር አልነበረውም። የሚያስፈልጋቸው ዕርዳታ ከመጠየቅ በፊት መታወቂያ ነበር። ሦስት ጎረቤቶች ምስክር ሆኑ፣ ሐጂ አብረው ሄዱ፣ አራት ጊዜ ተመላለስን። ሁለቱን ጊዜ "ሲስተም የለም" ተባልን። በአራተኛው ቀን ተሰጣቸው። ቅሬታውን ያስገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ከዝርዝር የቀረ ሰው ስታገኙ መጀመሪያ የጎደለችውን ወረቀት ፈልጉ።

በቡና ፍሬ መመዘን

በዓመት ሁለት ጊዜ አገልግሎቱን ሕዝቡ ራሱ እንዲመዝነው እናደርጋለን። ባለሙያዎች የማኅበረሰብ የውጤት ካርድ ይሉታል። እኛ "ፍሬ መጣል" ነው የምንለው።

ምንጣፍ እናነጥፋለን። አምስት ስኒ እንደረድራለን። የመጀመሪያው ስኒ በጣም መጥፎ፣ አምስተኛው በጣም ጥሩ። ለእያንዳንዱ ሰው ጥሬ ቡና እናድላለን። ጅማ ላይ ለዚህ ጠጠር መልቀም ነውር ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እንጠይቃለን። ሠራተኞቹ ያከብሯችኋል? ስንት ሰዓት ትጠብቃላችሁ? መድኃኒት አለ? ሽንት ቤቱስ? ሰው ፊቱን አዙሮ ፍሬውን ይጥላል። ማንበብ መጻፍ አያስፈልግም።

ሴቶችን፣ ወንዶችንና ወጣቶችን ለየብቻ አስቀምጡ። ይህን ካላደረጋችሁ ሁሉ ነገር ከንቱ ነው። አንድ ጊዜ ስለ ወሊድ አገልግሎት የወንዶቹ ቡና አብዛኛው አራተኛው ስኒ ውስጥ ገባ። የሴቶቹ አንደኛው ስኒ ሞልቶ ፈሰሰ። ወንዶቹ እንዴት እንደመዘኑት ስንጠይቅ አንዱ "ግቢው ንፁህ ነው" አለ። ሴቶቹ ሳቁ፣ እኛም ሳቅን። ከዚያ ሴቶቹ ያወሩትን ስንጽፍ ግን የሳቀ የለም።

ቁጥሩ ወሬ መክፈቻ ነው፣ ዋናው "ለምን?" የሚለው ነው። ጊዜያችሁን እዚያ ላይ አጥፉ።

ቀጥሎ ሠራተኞቹ ራሳቸውን ይመዝኑ፣ እነሱም በቡና። የእኛዎቹ በመድኃኒት አቅርቦት ለራሳቸው ሁለት ሰጡ። ሕዝቡም የሰጠው ሁለት ነበር። ይህ ሲታይ የክፍሉ አየር ተለወጠ። እነሱም ከላይ የጠየቁት መድኃኒት አልመጣም። እንግዲህ ደብዳቤውን አብረን ጻፍነው።

ከዚያ የጋራ ስብሰባ ነው። የሠራተኛ ስም አይጠራም። ሦስት ነገር ብቻ ይመረጣል። ምን ይደረግ፣ ማን ያድርገው፣ እስከ መቼ። ወረቀቱ ጤና ጣቢያው በር ላይ ይለጠፋል፣ ከበሩ ጀርባ ሳይሆን። ፍሬዎቹ መጨረሻ ላይ ተቆልተው ይጠጣሉ።

ደብዳቤው

እዚህ ላይ በሙያዬ ልናገር።

የመጀመሪያው ደብዳቤያችን አሥራ አንድ ጥያቄ ነበረው። ውኃ፣ መድኃኒት፣ የመንገድ መብራት፣ የአረጋውያን ምዝገባ፣ ምኑ ቅጡ። በጣም ኮርቼበት ነበር። ኃላፊው ጠርዙ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ለሚመለከተው" ብሎ መራው። ያ ደብዳቤ አምስት ቢሮ ዞረ። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ሳይሆን የጎረቤቱን ጥያቄ አነበበ። መጨረሻ ላይ የጀመርንበት ቢሮ ተመልሶ መጣ፣ ከአምስት ፊርማ ጋር።

አንድ ደብዳቤ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ገጽ። መወሰን ለሚችለው ሰው፣ ከሱ በታችም ከሱ በላይም አይደለም። ግልባጭ ለአለቃው። ግልባጩ ከደብዳቤው የበለጠ ይሠራል፣ እንዴት እንደሆነ ማብራራት አያስፈልገኝም።

እኛ ሰፈር ስብሰባው በሁለት ቋንቋ ነው የሚካሄደው፣ አንዱ በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ይጨርሳል። የቢሮው የሥራ ቋንቋ ግን አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ቃለ ጉባኤያችንን፣ ማለትም ቃቦ ያኢውን፣ በሁለቱም እንይዛለን። ደብዳቤው፣ ጠለያው፣ በአፋን ኦሮሞ ይወጣል። በአማርኛ ያስገባነው አንድ ደብዳቤ "ይተርጎም" ተብሎ ሦስት ሳምንት ተኝቷል። በራሳችሁ ጊዜ ተርጉሙት።

መዝገብ ቤት ሳታስገቡ ለማንም በእጅ አትስጡ። ቁጥርና ቀን አስወጡ፣ እናንተ ጋ የሚቀረው ኮፒ ላይ ማኅተም አስመቱ። "ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ አድርጌልሻለሁ" የሚል ሰው ደግ ነው፣ ግን ደግነቱ ቁጥር የለውም።

መረጃ ስትጠይቁ፣ ለምሳሌ "ዘንድሮ ለአረጋውያን የተያዘው በጀት ስንት ነው?" ስትሉ፣ አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ጥቀሱ። በጽሑፍ ለተጠየቀ መረጃ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ይገባል ይላል፣ ከከለከሉም ምክንያቱን መንገር አለባቸው። ሕገ መንግሥቱንም ማወቅ አይጎዳም። አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እያደገ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል፣ አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና አሳዳጊ የሌላቸውን ሕፃናትም በአቅም ልክ እንዲደግፍ። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰባችሁን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳባችሁ እንዲጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ግን በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ አንቀጽ አትደርድሩ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ሰላምታ ነው። አንቀጹ ለሁለተኛው ይቆይ።

መቼ መሄድ

በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። በሰኔ ገንዘብ ልትጠይቁ ከሄዳችሁ ያለው ወይ አልቋል ወይ ለማለቅ እየተሯሯጠ ነው፣ የሚቀጥለውም ተጽፏል። እኛ የምንሄደው በየካቲትና በመጋቢት ነው። ያኔ ክፍሎች ዕቅዳቸውን ገና እያሰቡ ነው፣ አንድ መስመር ማስገባት ይቻላል። ለከተማው ምክር ቤት አባላችሁም ያኔ ንገሩት። ሲያጸድቅ ሳይሆን ሳያጸድቅ።

እምቢ ካሉ

ሦስት ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ቁጥር አስወጥታችሁ፣ መልስ ካጣችሁ ወደ ላይ ውጡ። ቀጥሎ ያለው አለቃ፣ ከዚያ የከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ ምክር ቤቱ። ለመረጃ ክልከላና ለአስተዳደር በደል የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የመብት ጥሰት ከሆነ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን እዚሁ ጅማ ጽሕፈት ቤት አለው። በሁሉም ቦታ የሚጠይቋችሁ አንድ ነው፦ ከዚህ በፊት የት አመለከታችሁ? ደብተሩና ማኅተም ያረፈበት ኮፒ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው።

ከመጮህ ተጠበቁ። እኔ አንድ ጊዜ ሕዝብ ፊት አንድ ኃላፊ ላይ ጮኼ አውቃለሁ። ልክ ነበርኩ፣ ሰውም አጨበጨበልኝ። ሁለት ወር ግን ያ ቢሮ አልገባሁም። ለሁለት ወር የእኔን ልክ መሆን ዋጋ የከፈሉት ነፃ ሕክምና ደብዳቤ ሲጠብቁ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በመጨረሻ ሐጂ ይዘውኝ ሄዱ። ቡና ጠጣን፣ ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተነሳም። በማግስቱ ደብዳቤዎቹ ተፈረሙ።

ሰባታችንም በየሁለት ዓመቱ እንቀየራለን። የምናስረክበው ደብተሩን፣ የተቆለፈውን የስም ወረቀትና ቁልፉን ነው። አሁን ሦስተኛው ደብተር ላይ ነን። የፊታችን ቅዳሜ ገጹ አስቀድሞ ተሰምሯል፦ የሮቶው ፓምፕ፣ ስድስተኛ ወር፣ ቧንቧውን ከፍቶ ማየት።